ባኞው እስኪነጣ

«ባኞው ሳይነጣ ለልጅቱ ትንፍሽ እንዳትል።»

ታደለች ይህን የሰማችው ማድቤት ውስጥ ሽንኩርት ስትልጥ ነው። ተናጋሪዋ የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ አሰለፈች ነበሩ፤ ከማድቤቱ መስኮት ሥር ቆመዋል። አጠገባቸው አንገቱን ደፍቶ የቆመው ሙሐመድዘይን ነው፤ ከግራናና ከመርሳ ፓፓያና ሎሚ በሎንቺና እየጫነ ወልድያ ገበያ የሚያራግፍ ሾፌር። «ልጅቱ» የተባለችው የእህቷ ልጅ ገነት መሆኗን ታደለች ወዲያው አወቀች፤ በዚያ ሆቴል ባኞ የሚያጥብ ሌላ ልጅ የለም። ቢላዋውን አስቀመጠች። ሙሐመድዘይን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወላሂ እሜቴ፣ ይሄ ደግ አይደለም» አለ። «ሴትዮዋ ያረፈችው ዶሮ ሲጮኽ ነው። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ልጇንና እህቷን ይዘህ ና ብለው ነው የላኩኝ፤ እኔ አራት ሰዓት ላይ ባዶ መኪና ነው የምመለሰው።» ታደለች እህቷ ፀዳለ መሞቷን የተረዳችው እንዲህ ነው፤ እጇ ሽንኩርት እንደሸተተ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ለሌላ ሰው ሲነገር።

ወይዘሮ አሰለፈችን ክፉ ሴት ናቸው የሚል ሰው በወልድያ አይገኝም። ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ ይቀል ነበር፤ ሰው ክፉን ይጠነቀቃል። እሳቸው ለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱ፣ ለእድሩ ድንኳን ሸራውን የገዙ፣ በሽተኛ ሲጠይቁ ባዶ እጃቸውን የማይሄዱ ሴት ናቸው። ያን ጠዋትም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ሐዘንተኛ እንዴት ከፓፓያ ሣጥን ጋር ተጭኖ ለቀብር ይሄዳል አሉት ሙሐመድዘይንን፤ እኔ እያለሁ ይህ አይሆንም፣ በገዛ መኪናዬ በሰይቼንቶዋ ስምንት ሰዓት ላይ አስነስቼ ዘጠኝ ሳይሞላ አደርሳቸዋለሁ፣ አንተ ሂድና ይመጣሉ በላቸው አሉት። ሰውዬው እፎይ አለ። መርዶ ተሸክሞ መዞር ለማንም ከባድ ነው፤ የሚቀበለው ሰው ሲያገኝ አውርዶ ሄደ።

ከዚያ ወይዘሮ አሰለፈች ወደ ማድቤት ገቡ፤ ታደለችን ባዩ ጊዜም መስማቷን አወቁ። እቅፍ አደረጓት። አብረዋት አለቀሱ፤ ድምፅ ሳያወጡ፣ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው። እንባቸው የውሸት አልነበረም። እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ግን ወደ ነገራቸው ተመለሱ። መርዶ በቀትር አይነገርም፣ ሆዱ ባዶ ለሆነ ሰውም አይነገርም፣ ልጅቱ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ትብላ፣ ሥራዋን ትጨርስ፣ መኪና ላይ ስትወጡ ቀስ ብለሽ ታረጂያታለሽ፤ ይህን ሁሉ እጇን ይዘው ነገሯት። «እኔም ቃሌ ቃል ነው» አሉ። ታደለች ወግን አሳምራ ታውቃለች። መርዶ የሚባለው ለሩቅ ሰው ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በር ተንኳኩቶ የሚነገረው ቀብሩ ላለፈው ሰው ነው። ከወልድያ መርሳ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። እዚያ ላለ አስከሬን ሰው ይጠራል እንጂ መርዶ አይጠበቅለትም። ይህን እያወቀች «እሺ እሜቴ» አለች። ለምን እሺ እንዳለች ያን ዕለት ደጋግማ ራሷን ጠይቃለች። አሥራ አንድ ዓመት እሺ ማለት የለመደ አፍ ሌላ ቃል ቶሎ አይመጣለትም። ደግሞም ስምንት ሰዓት ስምንት ሰዓት ነው ብላ አሰበች፤ ሁለቱም ይደርሳል፣ ባኞውም ቀብሩም።

ነገሩ ሁሉ የውሃው ጣጣ ነበር። የሆቴሉ ውሃ ከግቢው ጉድጓድ በሞተር የሚሳብ ነው፤ ሲጠጡት ይጣፍጣል፣ ግን ኖራ ይተፋል። የሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። ብርጭቆዎቹ ታጥበው ሲደርቁ ጉም የገባባቸው ይመስላሉ፤ አሳላፊዎቹ በጨርቅ ሲፈትጓቸው ይውላሉ። ከሁሉ የባሰው ግን የአንድ ቁጥሩ ክፍል ባኞ ነው። ከአስመራ በከባድ መኪና መጥቶ አራት ሰው ተሸክሞ ፎቅ ያወጣው፣ በከተማው ሌላ ሆቴል የሌለው ባኞ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከቧንቧው አፍ ጀምሮ እስከ መውረጃው ቀዳዳ ድረስ ቢጫ ያዘለ ነጭ ቅርፊት ወረደበት፤ የቀለጠ ሻማ የፈሰሰበት ይመስላል። ባለፈው ወር ከላሊበላ ከተመለሱት ፈረንጆች አንዲቱ ፎጣዋን እንደታጠቀች ወጥታ ሌላ ሰው የታጠበበትን ሳታጥቡ ሰጣችሁኝ አለች። ወይዘሮ አሰለፈች በሕይወታቸው እንደዚያ አፍረው አያውቁም። ፈረንጆቹን ከአዲስ አበባ የሚያመጣቸው ሰውዬ አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሼ አያለሁ፣ ያው ከሆነ እንግዶቼን ታች ካለው ሆቴል አሳድራለሁ ብሎ ሄደ። የሚመጣው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ቀደም ሲል አንዲት ሠራተኛ በአሸዋ ፈትጋው ቅርፊቱ ሳይነካ የባኞውን ቆዳ ጭራው ሄደች፤ መውረጃው አጠገብ ጭረቱ አሁንም ይታያል። ኖራ በጉልበት እንደማይለቅ የምታውቀው ገነት ብቻ ነበረች፤ ያስተማረቻት እናቷ ናት። ፀዳለ በልጅነቷ መርሳ አጠገብ አትክልት ያለማ የነበረ አንድ ጣሊያን ቤት አገልግላለች፤ የጣሊያኑ ሚስት በሎሚ ስታደርገው አይታ ነው የያዘችው።

ታደለች እንጀራ በሽሮ ይዛ ፎቅ ወጣች። ገነት ባኞው ውስጥ ተንበርክካለች። አጠገቧ በአንድ ብር የተገዛ አንድ ዘንቢል ሎሚ አለ፤ ግማሹ ተጨምቋል። የአሮጌ አንሶላ ቁራጭ በሎሚው ጭማቂ እየነከረች ቅርፊቱን ታለብሰዋለች፤ የቧንቧውንም አፍ የቆሰለ ጣት እንደሚታሰር በጨርቅ ጠቅልላ አስራዋለች። ኖራው ሎሚ ሲነካው ደቃቅ አረፋ እያወጣ ይንሾካሾካል። «እታለም፣ ስሚው እስቲ» አለች ገነት፤ አክስቷን የምትጠራት እንዲህ ነው። «እየበላው ነው። እማዬ ዝም ብለሽ ተይው፣ አትቸኩይ፣ ራሱ ይለቃል ትለኝ ነበር።» ታደለች ሳህኑን አስቀምጣ መስኮቱን ማየት ጀመረች። ገነት ሙሐመድዘይንን ከላይ ሆና አይታው ኖሮ ስለ እናቷ ምን እንዳለ ጠየቀች። ፀዳለ ከክረምት ጀምሮ ጎኗን ያማት ነበር፤ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ገነት አምጥታ ሐኪም እንድታሳያት ወይዘሮ አሰለፈች ፈቅደዋል፤ ለዚህ ነው ልጅቱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ባኞ ውስጥ የተንበረከከችው።

«እኔ አላገኘሁትም» አለች ታደለች። «እሜቴ ናቸው ያነጋገሩት። ተሽሏታል አሉኝ።»

«ተነስታለች?»

«ትላንት ቁጭ ብላ ነበር አሉ። ብዪ አሁን።»

ገነት ሳቀች። የሎሚ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ በላች፤ እንዲያውም ጨርሳ በላች። ጣቶቿ ነጥተው ተኮማትረዋል፤ ጥፍሮቿ ሥር የተሰነጠቀው ቦታ ቀልቷል። ታደለች ልጅቱ እስክትጨርስ ቆማ አየቻት። ሆዷ ባዶ አለመሆኑን ማረጋገጧ ነው ለራሷ ስትል። ደረጃውን ስትወርድ ግን መሃል ላይ ተቀመጠች፤ የአሳላፊ ኮቴ ስትሰማ ተነሳች። ማድቤት ገብታ ለማታው ዶሮ የሚሆነውን ሽንኩርት ከተፈች፤ የሚበቃው ተከትፎም ሌላ ጨመረች፤ ሽንኩርት ፊት ስለ እንባዋ የሚጠይቃት ሰው አልነበረም። ከፀዳለ ጋር በአንድ ቁርበት ተኝተው ያደጉ ናቸው። ፀዳለ ታላቋ ናት። ታደለችን ከአጉል ባል ቤት አውጥታ ወልድያ ያደረሰቻት፣ ይህን ሥራም በሰው በሰው ያገኘችላት እሷ ናት። አራት ሰዓት ላይ የሙሐመድዘይን ሎንቺና ጥሩንባዋን አሰምታ ቁልቁል ወደ መርሳ ወረደች። ታደለች ጭልፋውን እንደያዘች ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጠች።

እኩለ ቀን ላይ ሁለት ጊዜ ወጥታ ባኞውን አየች። ጨርቁ ሲደርቅ ገነት እንደገና ትነክረዋለች፤ በመሃል የሚሠራ ነገር የለም፤ መጠበቅ ብቻ ነው። ልጅቱ በዚያ መጠበቅ ውስጥ ብርጭቆዎቹን በሎሚ ውሃ አጥባ መስኮቱ ላይ ደርድራቸዋለች፤ እየዘፈነች። ደህና ድምፅ የላትም፤ ያን ቀን ግን ታደለች ያ ድምፅ እንዳይቋረጥ ፈለገች፤ እንዲቋረጥም ፈለገች። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሲሆን የሰይቼንቶዋ ሞተር ተነሳ። ታደለች እጇን ሳትታጠብ ወደ ግቢው ሮጠች። መኪናዋ ከበሩ ወጥታለች። ወይዘሮ አሰለፈች በረንዳው ላይ ቆመው አቧራውን ያያሉ። ባለቤታቸው አቶ ካሳዬ እንግዶቹን ሊቀበሉ ውርጌሳ ድረስ መሄዳቸውን ነገሯት፤ ፈረንጆቹን የሚያመጣው ሰውዬ የክብር አቀባበል ይወዳል፣ መንገድ ላይ ሲጠብቁት ደስ ይለዋል። ስምንት ሰዓት ይመለሳሉ አሉ፤ ሲሉት ግን ዓይኗን አላዩም። ውርጌሳ የሚሄድ መኪና መርሳን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ሁለት ባዶ ወንበር ከኋላ ይዛ በፀዳለ ደጅ፣ በለቀስተኛው መሃል ልታልፍ ነው። «እኛንም ይዘውን ቢሄዱስ ኖሮ» አለች ታደለች። ወይዘሮ አሰለፈች ባኞው ገና ነው ብለው መለሱላት፤ ለምን እንደማይገባት የገረማቸው ይመስሉ ነበር።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ሰይቼንቶዋ አልመጣችም። ታደለች ምድጃውን ለአሳላፊው ትታ ነጠላዋን ደርባ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣች። አውቶቡሶቹ የሚነሱት ጠዋት ነው። ሁለት ከባድ መኪናዎች ወደ አላማጣ ሽቅብ አለፉ። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ አንድ ሰዓሊ ነኝ ባይ የሱቅ በር ቀለም ይቀባል፣ ሰዎች ይስቁበታል፣ ዓለም እንዳለች አለች። ስምንት ተኩል ገደማ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ጨው የጫነ መኪና እጇን አይቶ ቆመ። መርሳ ድረስ ሁለት ሴቶች አለች፤ ሾፌሩም ጋቢና ባዶ ነው፣ ግቡ አላት። ልጅቷን ላምጣ፣ ለእግዜር ብለህ ጠብቀኝ ብላ ሮጠች። ግቢውን፣ ደረጃውን፣ ኮሪደሩን እንዴት እንዳለፈችው አታውቅም። የአንድ ቁጥርን በር ስትከፍት ለመናገር አፏን ከፍታ ነበር።

ገነት ቆማ ጠበቀቻት። ጨርቁን አንስታለች። በሎሚ ልጣጭ ያሸችው ቦታ ከቧንቧው ሥር አንስቶ እስከ ባኞው ግማሽ ድረስ ነጭ ነው፤ ያ የተጋገረው ኖራ ለስልሶ በጣቷ ይነሳል። ፊቷ በሙሉ ሳቅ ነበር። «ልጠራሽ ነበር» አለች። «እይው እስቲ። እንግዶቹ ከሄዱ፣ እሜቴ ከፈቀዱልኝ፣ እማዬ ስትመጣ ውሃ አሙቄ እዚህ ውስጥ ነው የማጥባት። ጎኗን የሚያማት ብርዱ ነው፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብትጋደም ይለቃታል። ተይ አትይኝም አይደል?»

ከታች የመኪናው ጥሩንባ ጮኸ። ታደለች «ገነት» አለች። ልጅቱ «እ» ብላ ቀና አለች፤ ዓይኗ ውስጥ ምንም ክፉ ነገር የለም። ታደለች የምትለውን ታውቀዋለች፤ ሦስት ቃል ነው። ፀዳለ መርሳ ላይ ታጥባ፣ ተገንዛ፣ አልጋ ላይ እንደምትጠብቅ ታውቃለች። ግን ያንን ፊት በገዛ አፏ ማጥፋት አቃታት። ጥሩንባው ሁለተኛ ጮኸ፤ ቆየና ሦስተኛ። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ እየከበደ፣ እየራቀ ሄደ። «ምን ልትዪኝ ነበር?» አለች ገነት። «ሎሚ ይበቃሽ እንደሆን ብዬ ነው» አለች ታደለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማድቤት ውስጥ ቆማ ነበር። ዶሮው እሳት ላይ ነው። ሰዓት የላትም፤ የወይዘሮ አሰለፈች ሳሎን ውስጥ ያለው የግድግዳ ሰዓት ሲደውል ቆጠረችው። ነጠላዋን ልታዘቅዝቅ እጇን ዘረጋችና ልጅቱ ታያለች ብላ ተወችው። ድስቱን አማሰለች። አንድ ጊዜ አሳላፊው ገብቶ እትዬ ምን ሆነሻል፣ ፊትሽ ልክ አይደለም አላት፤ ራሴን አሞኝ ነው አለችው። ሌላ የጠየቃት የለም። ቀብሩ እንደዚህ አለፈ ብላ አመነች፤ በአንድ ድስት ማማሰል።

ባኞው አሥር ሰዓት ላይ ነጣ። ገነት በመጨረሻ አመድ ቀብታ አጠበችው፤ አደረቀችው፤ ከመውረጃው አጠገብ ካለው የቆየ ጭረት በቀር አዲስ ሆነ። ወይዘሮ አሰለፈች መጥተው አዩ፤ በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ልጅቱን ግንባሯን ሳሟት። ቶሎ ብለውም ወጡ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንግዶቹ በላንድሮቨር ገቡ፤ ሰይቼንቶዋ ከፊታቸው እየመራች። ሰውዬው ወደ አንድ ቁጥር ወጣ፤ አንገቱን ብቅ አድርጎ አየ፤ ጥሩ ነው አለና በረንዳ ላይ ቢራ ጠየቀ። የአንድ ቀን ሥራ የታየው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው። ፈረንጆቹ ጫማቸውን ፈተው እግራቸውን ዘረጉ። ገነት ግቢው ውስጥ ጨርቆቹን ታጥባለች፤ ታደለች ከማድቤቱ ደጃፍ ቆማ ነበር።

ሙሐመድዘይን በትንሿ በር ገባ። ኮቱም ጫማውም ቀይ አፈር ለብሷል። በቀጥታ ወደ ገነት ሄደ፤ ኮፍያውን አውልቆ «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አላት። ገነት ጨርቁን እንደያዘች አየችው። ማን ሞቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ያን ጊዜ ሰውዬው ደነገጠ፤ ወደ በረንዳው አየ፣ ወደ ታደለች አየ፣ መሬቱን አየ። ለእሜቴ ጠዋት ነግሬ ነበር አለ፤ በመኪና አደርሳቸዋለሁ ብለውኝ፣ እኔም ይመጣሉ ብዬ ለቤተ ዘመድ ተናግሬ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሊያስቀረው ፈለገ፤ አልቻለም። «እስከ አሥር ሰዓት ጠበቁሽ» አለ። «አስከሬኑ ደጅ ወጥቶ፣ ቄሱ አሁንስ በቃ ሲሉ፣ ጎረቤቱ ልጅቷ መንገድ ላይ ናት እያለ። እስከ አሥር ጠበቁሽ ልጄ።» አሥር ሰዓት። ታደለች ጨው የጫነውን መኪና አሰበች። ደርሰው ነበር። ጊዜ ተርፏቸው ደርሰው ነበር።

ገነት አልጮኸችም። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ መለሰችው። በረንዳው ላይ ወይዘሮ አሰለፈች ከእንግዶቹ መሃል ተነስተዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ወደ ጓሮ ውሰጃት ብለው ለታደለች በእጃቸው አሳዩ። ገነት ግን ወደ ጓሮ አልሄደችም፤ ወደ አክስቷ መጣች። ክንዷን ያዘቻት፤ ማድቤቱ ደጃፍ ያለውን ዱካ ጎትታ አስቀመጠቻት። እሷም ፊት ለፊቷ ተንበረከከች። የታደለችን ሁለት እጆች በሁለት እጆቿ ያዘች። አዋቂዎች ሲያደርጉት ያየችውን ነው የምታደርገው፤ ቀስ ብላ፣ ደንግጣ እንዳትወድቅባት ተጠንቅቃ። «እታለም» አለች። «አይዞሽ። ጠንከር በይ። እህትሽ አርፋለች።»

ከታደለች ሆድ ከጠዋት ጀምሮ ታፍኖ የዋለው ጩኸት ወጣ። ፈረንጆቹ ዞረው አዩ። የውሸት ለቅሶ አልነበረም፤ በሕይወቷ እንደዚያ አልቅሳ አታውቅም። ገነት አቀፈቻት፤ ጀርባዋን ትደባብሳለች፤ የራሷ እንባ ገና ጉንጯ ላይ መውረዱ ነው። «ተሽሏታል ብለው አንቺንም ዋሹሽ» አለች በጆሮዋ። «እኔ እኮ አውቃለሁ። አንቺ ሰምተሽ ቢሆን ኖሮ በጀርባሽ አዝለሽም ታደርሺኝ ነበር።»

ታደለች በልጅቱ ትከሻ ላይ ወይዘሮ አሰለፈችን አየቻቸው፤ እሳቸውም አዩዋት፤ መጀመሪያ ዓይናቸውን የሰበሩት እሳቸው ናቸው። ገነት ፊቷን ልታይ፣ እንባዋን ልትጠርግላት ቀና ለማለት ሞከረች። ታደለች አንገቷን አንቃ እንደያዘች አልለቀቀቻትም።